ምንም ያልበቀለበት ሳህን

ባለፈው ጥቅምት ካራ ሰፈር ከቤቴ አጠገብ የተከፈተች ክሊኒክ ስኳሬን ልለካ ገባሁ። ደም የምትቀዳው ልጅ ከመጨረሻ ልጄም ታንሳለች። ባንድ ጆሮዋ ማዳመጫ ሰክታ፣ ክንዴን በላስቲክ አሰር አድርጋ፣ ቀና እንኳ ሳትል «እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለችኝ። ለመጣው ሁሉ የምትለው ነው፤ ቅጹ ላይ ተጽፎላታል። እኔ ግን ድገሚልኝ አልኳት። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ሰው ሳስቀምጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ቀላል ጥያቄ መሆኑን አውቃለሁ። ቀና ብላ ደገመችልኝ። የለም አልኳት። ጥጡን ክንዴ ላይ ተጭኜ ወጣሁና ታክሲ ተራው ጋ ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጥኩ፤ ለመነሳት ብዙ ፈጀብኝ። አንዱ ምክንያት ጉልበቴ ነው፤ ምክንያቱ ሁሉ ግን ጉልበቴ አይደለም።

እሠራበት የነበረው ላብራቶሪ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ግርጌ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ ባለ አንድ አነስተኛ ሆስፒታል ውስጥ ነበር። ስሙን አልጠራውም፤ ፈርሷል፣ ሌላ ነገር ተሠርቶበታል። ያኔ የካ ክፍለ ከተማ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በከፍተኛና በቀበሌ ነበር የምንጠራራው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ስንት እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ እኔ የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ከመገናኛ ወዲህ ታክሲ በሃምሳ ሳንቲም እንደነበር፣ ሲግናል ሰፈር ያለው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ሲደጋግምብን እንደሚውል፣ ሴቱ ሁሉ ከሰልባጅ ተራ ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ ኮት እየገዛ ጄኔራል መስሎ ይሄድ እንደነበር። እኔም አንድ ነበረችኝ፤ ቡናማ፣ በአሥራ ሁለት ብር የተገዛች፣ አንዱ ቁልፏ ከሌሎቹ የማይመሳሰል። ጠዋት ጠዋት እሷን ደርቤ ዳገቱን ስወጣ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ወደ ታች ሲወርዱ እንተላለፋለን። ዛሬ እዚያው ተራራ ላይ ሰው ብስክሌት ለመንዳት ከፍሎ ይገባል። ልጆቼ ባለፈው ዓመት ፓርኩን እዪ ብለው ወሰዱኝ፤ ጥሩ ነው፣ ንጹሕ ነው፤ እኔ ግን ዓይኔ ቁልቁል የድሮውን ቆርቆሮ ጣሪያ ሲፈልግ ዋለ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ በየነ ናቸው፤ የላብራቶሪው ኃላፊ። ቀጭን፣ ካኪ ኮት የማይለያቸው፣ ያለቀ ጠርሙስ እንኳ የማይጥሉ ሰው። ባክቴሪያ ማሳደግን እንደ እርባታ ነበር የሚያዩት፤ «በልቷል?» ይሉኛል ጠዋት እንደገቡ፣ «አድጓል?» ለማለት። ከሁሉ የሚያስቸግራቸው ደግሞ የሕፃናት ማጅራት ገትር የሚያመጣው ሂሞፊለስ የሚባለው ነበር። ትርጉሙ ደም ወዳድ እንደማለት ነው፤ ግን ደም ወዳድ ይባል እንጂ ደሙን እንዲሁ ብታቀርብለት ዞር ብሎ አያየውም። የሚፈልጋቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከደሙ ቀይ ነገር የሚገኝ፣ ብረት ያለበት፤ ኤክስ እንለዋለን። ሁለተኛው ከቫይታሚን ወገን የሆነ፤ ቪ እንለዋለን። ሁለቱም ቀዩ የደም ሴል ውስጥ ተቆልፈው ስለሚቀመጡ ሴሉ መፈንዳት አለበት። ስለዚህ ደሙን አጋር ከሚባለው፣ ሲቀዘቅዝ ከሚረጋው የባክቴሪያ ምግብ ጋር እንቀላቅልና ሙቅ ውሃ ውስጥ አድርገን፣ ቀለሙ ቸኮሌት እስኪመስል እናሞቀዋለን። ሙቀቱ ካነሰ በምንጠቀምበት የበግ ደም ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ቪን ቀድሞ ይጨርስበታል፤ ከበዛ ሙቀቱ ራሱ ቪን ያበላሸዋል። በዚያ መሀል ያለችውን ደቂቃ ጋሽ በየነ በሰዓት ሳይሆን አሽትተው ነበር የሚያውቋት። የሞቀ ደም ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም፤ ልብስ ላይ ይቀራል፣ ታክሲ ውስጥ ሰው ዞር ብሎ ያይሻል።

ስሙ ቸኮሌት አጋር ነው። ዘበኞቹ እነዚህ ሰዎች በራቸውን ዘግተው ቸኮሌት ይበላሉ እያሉ ያሙን ነበር። እሱን ያፈሰስንባቸውን ትናንሽ የመስታወት ሳህኖች ደግሞ የምንከታቸው በትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ነው፤ አብረን ጧፍ እናበራና ክዳኑን እንገጥማለን፤ ጧፉ የሚያቃጥለው አልቆ ሲጠፋ ለባክቴሪያው የሚመቸው አየር ይቀራል። ጧፉን ከቤተ ክርስቲያን በር የማመጣው እኔ ነበርኩ፤ ምን ልታደርጊበት ነው ያለኝ ሰው የለም።

ደሙ የሚመጣው ጓሮ ከታሰረ አንድ ሙክት በግ ነበር። ያን ክረምት በጉ ፌስታል በልቶ ሞተ። ሌላ ይገዛልን ብለን ጻፍን፤ የግዢ ኮሚቴው በግ ቋሚ ንብረት ነው ወይስ አላቂ ዕቃ በሚል ክርክር ወራት ፈጀ። ሳቅን፣ ከዚያም ሳቁ አለቀብን። ሕፃናት ግን መታመማቸውን ስለማያቆሙ የራሳችንን ክንድ መስጠት ጀመርን፤ በተራ፣ አንዴ ጋሽ በየነ፣ አንዴ እኔ፣ አንዴ የጽዳት ሠራተኛዋ። የሰው ደም ለዚያ ባክቴሪያ እንደውም ይስማማዋል። ማንም አላስገደደን። እንደውም ኩራት ነበረው፤ የኔ ደም ሥር ባንድ ጊዜ ስለሚገኝ ጋሽ በየነ ያመሰግኑኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን እኔ ታመምኩ። ራሴን ይፈልጠኛል፣ ማታ ማታ ያንቀጠቅጠኛል። የራሴን ደም ራሴ መርምሬ ታይፎይድ ነው አልኩና ሲግናል ካለው መድኃኒት ቤት ክሎራምፌኒኮል የሚባለውን ባክቴሪያ የሚገድል ካፕሱል ገዛሁ። ያለ ሐኪም ወረቀት ነው፤ ያኔ ሁሉም እንዲያ ነበር የሚያደርገው፤ ዛሬም ያደርጋል። ለጋሽ በየነ አልነገርኩም። ቋሚ ሠራተኛ ልሆን አንድ ወር ቀርቶኝ ነበር፤ በሙከራ ጊዜዋ ትታመማለች እንዳይሉኝ ፈራሁ። በአምስተኛው ቀን ተሻለኝ። በዚያው ቀን የደም ተራ የኔ ነበርና ክንዴን ሰጠሁ። ገና ያልጨረስኩት ካፕሱል በእሽጉ የጋውኔ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ስንቀሳቀስ ይንኮሻኮሻል። አንድ ጊዜ እንኳ ሁለቱን ነገር አላገናኘኋቸውም። የተማርኩ ሴት ነበርኩ፤ አለመማር ነው ብዬ የማመካኝበት የለኝም።

ከዚያ ደም ሃያ ያህል ሳህን ሠራን። እንደ ደንባችን ባዶዎቹን አንድ ሌሊት ኢንኩቤተር በሚባለው የሙቀት ሣጥን ውስጥ አሳደርናቸው፤ ሲነጋ ምንም አልበቀለባቸውም። ቆሻሻ ያልገባበት ሳህን ማለት ነው፤ ደስ አለን። የሚያውቁትን ባክቴሪያ ዘርቶ ይበላ እንደሆነ ማየት ሁለተኛው ፈተና ነው፤ እሱን ግን የምናደርገው በሳምንት አንዴ ብቻ፣ ዓርብ ዘርተን ቅዳሜ እያየን ነበር።

ሰኞ አንድ የሁለት ዓመት ልጅ ገባ። ተመስገን ይባላል። አባቱ አቶ ኤርሲዶ ከሆሳዕና ወገን መጥተው ሲግናል ጋ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጡ፣ የጸሎት ቤት ሰው ናቸው፤ እናቱ ስትወልደው ነው የሞተችው። ከወገቡ የተቀዳው ፈሳሽ ደመን ያለ ነበር። በማይክሮስኮፕ ብፈልግ ብፈልግ ለይቼ የምናገረው ነገር አጣሁ፤ ይህ ባክቴሪያ ቀለሙ ፈዛዛ ነው፣ ያመልጣል። በአዲሱ ሳህን ዘራሁት። ወጣቱ ሐኪም ውጤቱ እስኪመጣ ብሎ ክሎራምፌኒኮል በመርፌ ጀመረለት፤ ያኔ የዚህ በሽታ መድኃኒት እሱ ነበር፤ እሱም በልመና የሚገኝ።

አቶ ኤርሲዶ ከላብራቶሪው በር ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ አልተነሱም። ነጭ የለበሰችን ሴት ሁሉ ሲስተር ይሉ ነበርና በወጣሁ በገባሁ ቁጥር «ሲስተር፣ በቀለ?» ይሉኛል። ማክሰኞ አልበቀለም አልኳቸው። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። እንዳይበቅል እየጸለዩ ነበር፤ የጸሎት ቤታቸው ሴቶችም በየተራ እየመጡ ያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ እንዳይበቅል ይለምናሉ። ማስረዳት ነበረብኝ፤ አልበቀለም ማለት የለም ማለት አይደለም ማለት ነበረብኝ። ግን ሰውየው ደስ ሲላቸው ማየት ደስ አለኝ። ረቡዕም ሳህኑ ንጹሕ ነበር። «ምንም አልበቀለም» ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሑፌ ጻፍኩና ወረቀቱን ራሴ ይዤ ወረድኩ። አቶ ኤርሲዶ እጄን ስመው አለቀሱ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ሳንባ ነቀርሳ ወደ ጭንቅላቱ ወጥቶበት ይሆናል አለና መርፌውን አቋርጦ የነቀርሳውን መድኃኒት አስጀመረ። የተረፈውን ብልቃጥ ለሌላ ልጅ ሰጡት።

ጋሽ በየነ ለዘር ያቆዩትን ሂሞፊለስ እንደ ልማዳቸው ዓርብ በአዲሱ ሳህን ዘሩት። ቅዳሜ ሳህኑን ሲያወጡ ምንም የለም። አብዝተሽ አሙቀሽው ነው፣ ቪ ሞቶብሻል ብለው ተቆጡኝ። ግን በዚያው ሳህን ላይ አንድ ሌላ ባክቴሪያ፣ ከቁስል የሚገኘውን፣ በመስመር አስምረውበት ነበር። ያኛው ቪን ራሱ ሠርቶ ለጎረቤቱ የሚያካፍል ነው፤ ሂሞፊለስ ምግቡ ቢጎድልበት እንኳ በዚያ መስመር ግራና ቀኝ ተጠግቶ ይበቅላል። መስመሩ ወፍሮ በቅሏል። ግራና ቀኙ ባዶ ነው። ጋሽ በየነ ሳህኑን ወደ መስኮቱ አዙረው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሳያዩኝ ደሙ የማን ነው አሉኝ። የኔ ነው አልኩ።

«ምን ትወስጃለሽ?»

ያኔ ነው የገባኝ፤ ደሜ ውስጥ የነበረው መድኃኒት ሂሞፊለሱን እንዳይበቅል አድርጎታል፤ የቁስሉን ባክቴሪያ ግን አልነካውም። እሽጉን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ስሙን አነበቡ።

«ልጁን የከለከሉት ይሄንኑ ነው» አሉ።

አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን እኔ አስተካክላለሁ፣ ለአባቱ አንቺ ሂጂና ንገሪ አሉኝ። እጅጌያቸውን እየጠቀለሉ ነበር፤ የራሳቸውን ደም ሊቀዱ።

ልጁ ከረቡዕ ጀምሮ ብሶበታል። ስገባ ሴቶቹ አልጋውን ከበው ቀስ ብለው ይዘምራሉ። አቶ ኤርሲዶን ወደ ኮሪደሩ ጠራኋቸውና ሳህኑ ተበላሽቶ ነበር አልኳቸው። እንዲያ ነው ያልኩት፤ ሳህኑ ተበላሽቶ ነበር። ደኅና ሳህን ላይ ሊበቅል ይችላል ማለት ነው ወይ አሉኝ፤ አዎ አልኩ። ደስታቸውን መልሼ ስወስድባቸው ፊታቸው ላይ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው ጸሎቱን እንደገና እንጀምር አሏቸው። መርፌው በዚያው ሰዓት ተመለሰለት፤ ወገቡም ሁለተኛ ተወጋ፤ ሐኪሙ ያዢልኝ ብሎኝ የልጁን እግር የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እሑድ ጠዋት በጋሽ በየነ ደም በተሠራው ሳህን ላይ በቅሎ ነበር፤ ግራጫ፣ እንደ ጤዛ ነጠብጣብ የረጠበ።

ልጁ ዳነ። ሊወጣ ሲል ግን ሲጠሩት እንደማይዞር አስተዋሉ። ሁለቱም ጆሮው ሄዷል። ሐኪሙ ይህ በሽታ ጆሮን የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ ገና ሲጀምር ነው፣ ወደ እኛ ሳይመጣ ጠፍቶ ይሆናል አለ። ያቺን ቃል ያዝኳት። ጋሽ በየነም መዝገቡ ላይ የሳህን ብልሽት ብለው ጻፉ፤ እኔም በወሩ ቋሚ ሆንኩ። እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ስለዚያ ነገር ዳግም አላነሱብኝም። ግን ከዚያ ወዲህ ደም የሚሰጠውን ሁሉ፣ ሚኒስትር ቢሆን፣ ምን ትወስዳለህ ሳልለው መርፌ አልነካሁም።

የከበደኝ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ከጽዳት ሠራተኛዋ ይሁን ከማን፣ አቶ ኤርሲዶ ለምርመራው የራሳችንን ደም እንደምንሰጥ ሰሙ። ያ ባክቴሪያው የበቀለበት ደም የኔ መሰላቸው። በጸሎት ቤታቸው እሑድ ምስክርነት የሚባል አላቸው፤ ሰው ቆሞ የተደረገለትን ይናገራል። ለምነው ወሰዱኝ። ሲግናል ጀርባ ባለ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ፣ እኔ የማርያም ልጅ ነጠላዬን ተከናንቤ የኋላ ወንበር ላይ፣ እሳቸው ማይክሮፎን ይዘው ይህች እህት ለልጄ ደሟን ሰጥታለች አሉ። አዳራሹ ሙሉ ሃሌ ሉያ አለ። መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። ከዚያ በኋላ በየመስቀሉ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ይመጡ ነበር፤ እኔም እቀበላለሁ፣ ልጆቼም ይበላሉ። ስንት መስቀል እንዳለፈ አልቆጠርኩም። ሰው የማይገባውን ምስጋና ሲቀበል እንደሚደክም የሚያውቀው የተቀበለ ብቻ ነው፤ ዳገት አይደለም ያደከመኝ።

ከክሊኒኩ በተመለስኩ በሳምንቱ ሲግናል ሄድኩ። ካሴት ቤቱ የለም፤ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። የአቶ ኤርሲዶ ሱቅ ግን እዚያው ነው። እሳቸው አርጅተው ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ናቸው፤ ሥራውን የያዘው ተመስገን ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙን በደንብ የተላጨ፣ ባለትዳር ሰው። መስማትም መናገርም ስለማይችል ባንኮኒው ላይ በሲባጎ የታሰረ ደብተር አለ፤ የሚያውቀው በምልክት፣ የማያውቀው በጽሑፍ ያናግረዋል። ለሽማግሌው ሁሉንም ነገርኳቸው። ካፕሱሉን፣ ኪሴን፣ ሳህኑን፣ ሦስቱን ቀን፣ ደሙ የኔ እንዳልነበረ፣ የኔውማ ምን እንዳደረገ። አንዴም አላቋረጡኝም። ስጨርስ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ለኔ ምን ያደርግልኛል ሲስተር» አሉ በመጨረሻ። «የሄደው የሱ ነው። ለሱ ይንገሩት።»

ደብተሩን አዞርኩና ጻፍኩ። አንድ ገጽ ከግማሽ ሆነ። የድሮው ጽሑፌ አይደለም። ተመስገን እያንዳንዱን መስመር በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ፊቱ አልተለወጠም። ከዚያ ከሥሩ ጻፈ፦ «አባቴ ጆሮህ ሆስፒታል ሳትገባ ነው የጠፋው ብሎኛል። ሐኪሙ እንዳለው። እውነት ነው?»

ለጋሽ በየነም፣ ለንስሐ አባቴም፣ አሁንም ለአባቱ ያልነገርኩት ይህን ነው። ሰኞ ዕለት፣ መጀመሪያ ቀን፣ ፈሳሹን ልቀበል ወደ ክፍሉ የገባሁት እኔ ነበርኩ። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። በትሪዬ ላይ የነበሩት ብልቃጦች ተነካክተው ጮኹ፤ ያን ጊዜ አንገቱ እያመመው ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሐኪሙ ያለውን ቃል ስደግም፣ ያ ዞሮ ያየኝ ፊት አለ።

ጻፍኩት። ብልቃጥ ሲነካካ ሰምተህ ዞረህ አይተኸኛል፣ ትሰማ ነበር ብዬ ጻፍኩ።

ሁለት ጊዜ አነበበው። አባቱን አላያቸውም። ገዢ መጥቶ እስክሪብቶ ጠየቀ፤ ሸጦለት ተመለሰ። ከዚያ ደብተሩን ወደ ራሱ ስቦ ባጭሩ ጽፎ አዞረልኝ፦

«የብልቃጥ ድምፅ ምን ዓይነት ነው?»

እስክሪብቶውን ያዝኩ። እሱ እጄን ያያል። ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩና ምንም ሳልጽፍ መልሼ አነሳሁት።